አቃጠለኝ፤ ጨምሩልኝ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁን አደንቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ክትፎ ጋበዘኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጁንም ይዞት መጥቶ ነበር። ክትፎው በጣባ ቀረበ፤ አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው ተደረደረ፤ ሚጥሚጣው በትንሽ ሳህን ከጎን ተቀመጠ። ጓደኛዬ ጉርሻውን ሚጥሚጣው ላይ ገልበጥ አድርጎ ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ ጆሮው ቀላ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፍንጫውን በሶፍት ጠረገ፤ በጥርሱ መካከል «እስስስ» እያለ አየር ሳበ። ከዚያ አንገቱን ወደ አስተናጋጇ አዙሮ፣ «የኔ እናት፣ ሚጥሚጣ ጨምሪልን» አለ።

ልጁ አባቱን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «አባዬ፣ ካመመህ ለምን ትበላዋለህ?» አለው።

«አያምም። ይጣፍጣል።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

አባትየው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህን ትዕይንት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ በየማዕዱ አይቼዋለሁ። እንግዳ ነገር መሆኑ የታየኝ ግን ያን ዕለት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ለዚያ ልጅ መስጠት የነበረብኝን መልስ ነው። እዚያው ልመልስለት ብል ኖሮ ክትፎው ይቀዘቅዝ ነበር።

በመጀመሪያ ልጁ ልክ ነው፤ የተሳሳተው አባቱ ነው። ማቃጠል ጣዕም አይደለም፤ ሕመም ነው። ምላሳችን ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ጎምዛዛውንና መራራውን፣ በሥጋ መረቅ ውስጥ የሚገኘውንም ያንን ልብ የሚያደርስ ጣዕም የሚለይባቸው ተቀባዮች አሉት። ለሚጥሚጣ የተሠራ የጣዕም ተቀባይ ግን የለውም። ማረጋገጫው እጃችን ላይ ነው። ክንዳችሁ ላይ ስኳር ብትነሰንሱ ክንዳችሁ አይጣፍጠውም። ሚጥሚጣ የነካ ጣቱን ዘንግቶ ዓይኑን ያሸ ሰው ግን ሚጥሚጣን ለማወቅ ምላስ እንደማያስፈልግ መስካሪ አይሻም። ቋንቋችንም ይህን ከሳይንስ ቀድሞ ደርሶበታል፤ እሳትም ያቃጥላል፣ በርበሬም ያቃጥላል እንላለን፤ ለሁለቱ ሁለት ቃል አላስፈለገንም።

ቋንቋው ልክ እንደነበረ በቤተ ሙከራ የታየው በ1997 ነው። ዛሬ የምጠራቸውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬ ንጥረ ነገር በነርቮቻችን ላይ የሚከፍተውን በር አገኘ። በሩ ትሪፕቪ-1 ይባላል። የሚገርመው ለበርበሬ ተብሎ የተሠራ አለመሆኑ ነው። እውነተኛ ሥራው ሙቀትን መጠበቅ ነው፤ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሞቀ ነገር ሲደርስበት ይከፈትና «ተቃጠልን» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። ካፕሳይሲን ያንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። ጁሊየስ ለዚህና ተከትለው ለመጡት ሥራዎቹ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

እንግዲህ የጓደኛዬ ሰውነት አፉ ውስጥ እሳት እንደገባ አምኗል ማለት ነው። ላቡ ማቀዝቀዣ ነው፤ ምራቁ፣ እንባውና ንፍጡ ማጠቢያ ናቸው። የእሳት አደጋ መኪናው ደወሉን እያሰማ ደርሷል፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን ጢስ እንኳ የለም።

ይህን ካወቅን ብዙ የማዕድ እንቆቅልሾች አብረው ይፈታሉ። ከምድጃ የወረደ ወጥ ከቀዘቀዘው ይልቅ የሚያቃጥለው እሳቱና በርበሬው አንድ በር ላይ አብረው ስለሚገፉ ነው። የናና ከረሜላ አፍን የሚያበርደውም በዚሁ ዓይነት ማታለል ነው፤ እርሱ የሚከፍተው የብርድን በር ነው። ውሃ የማይረዳውስ? ካፕሳይሲን ቅባት የሚወድ፣ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነገር ነው። ስንጠጣ ቅዝቃዜው ለአፍታ ያስታግሰናል፤ ውሃው ወርዶ ሲያልቅ ማቃጠሉ እንደነበረ ይመለሳል። ወተት ግን ኬዚን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ከነርቩ ያርቀዋል። አይብ ማለት ደግሞ በአብዛኛው ያው ኬዚን ነው። ክትፎን ከአይብ ጋር ያጋቡ የጉራጌ እናቶች ስለ ኬዚን ማንም አልነገራቸውም። ሚጥሚጣውንና ማብረጃውን በአንድ ጣባ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን አውቀውበታል።

ሰናፍጭ የዚህ ቤተሰብ የአጎት ልጅ ነው። ጥሬ ሥጋ በሰናፍጭ የበላ ሰው ማቃጠሉ ምላሱ ላይ አርፎ እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ ሽው ብሎ በአፍንጫ ይወጣና ግንባር ላይ ይመታል፤ ወዲያው ይጠፋል። ሚጥሚጣ እንዲህ አያደርግም፤ ካፕሳይሲን በቀላሉ የማይተንን በመሆኑ ካረፈበት አይነሳም። የሰናፍጩ ንጥረ ነገር ግን ተናኝ ነው፤ የሚያንኳኳውም ሌላ የነርቭ በር ነው። ሽንኩርትም እንዲሁ በአየር ይመጣል። ቢላው የሽንኩርቱን ሕዋሳት ሲከፍት ተለያይተው የኖሩ ነገሮች ይገናኙና ዓይንን የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙን የሚሠራውን ኢንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች በ2002 ነው ለይተው ያሳወቁት። ለዶሮ ወጥ ያን ሁሉ ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላችሁ ስለታም፣ ሽንኩርቱም ቀዝቃዛ ከሆነ እንባው ይቀንሳል። ይህን ያልኩት በዓል ስለደረሰ ነው።

ወደ በርበሬው እንመለስ። ተክሉ ይህን ሁሉ ተንኮል ያዘጋጀው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ወፎችን ማየት ያስፈልጋል። ወፎችም ትሪፕቪ-1 አላቸው፤ የእነርሱ ግን ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም። ዶሮ ሚጥሚጣ ለቅማ ምንም ሳይመስላት ትሄዳለች። በ2001 ጆሹዋ ቴውክስበሪና ጋሪ ናብሃን በአሪዞና የዱር በርበሬ ላይ ያደረጉት ጥናት የነገሩን ቁልፍ አሳየ። አይጥና መሰሎቿ ፍሬውን በጥርሳቸው ስለሚፈጩት ዘሩ አይበቅልም። ወፍ ግን ዘሩን ሙሉውን ውጣ፣ በርራ፣ ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። ስለዚህ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ጥርስ ያለውን ይመልሳል፣ ክንፍ ያለውን ያሳልፋል። ቴውክስበሪ ከሰባት ዓመት በኋላ በቦሊቪያ ሌላም ጥቅም አገኘለት፤ ካፕሳይሲን ዘሩን ከሚያበሰብስ ሻጋታ ይከላከልለታል። ይህ ሻጋታ በበረታበት አካባቢ የሚያቃጥሉ በርበሬዎች ይበዛሉ።

በነገራችን ላይ ዘሩ ራሱ አይደለም የሚያቃጥለው። ቃሪያ ለስንግ ሲሰነጠቅ ፍሬውን አራግፈን እፎይ እንላለን፤ ካፕሳይሲን የሚመረተው ግን ፍሬውን ከዛላው ግድግዳ ጋር አያይዞ በያዘው ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው ከእርሱ ጋር ተነካክቶ ስለሚኖር ብቻ ነው። ማውጣት ካለባችሁ ነጩን አውጡ።

እንግዲህ ተክሉ «አንተ ጥርስ ያለህ፣ ከዚህ ራቅ» ብሎ በግልጽ ተናገረ። አይጥም ሰማ፣ አጋዘንም ሰማ። ሰው ሰማና ዘሩን ወስዶ በጓሮው ዘራው።

መጀመሪያ የዘራው ደግሞ እኛ ዘንድ አይደለም። እዚህ ላይ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልናገረው። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። በዚያ ከ6,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሲበላ ኖሯል። ከአትላንቲክ ወዲህ የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 ከተጓዘ በኋላ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ነጋዴዎች በአፍሪካና በእስያ ጠረፎች አዳረሱት። ስለዚህ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች ቀይ ወጥ በልተው አያውቁም። ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ብዙ ሽቱ ይዛለት እንደሄደች መጽሐፍ ይነግረናል፤ በርበሬ ግን አልነበረበትም። እርግጥ ማዕዳችን ያኔም ለዛ አላጣም፤ ኮረሪማ፣ ሰናፍጭ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ ከህንድ የሚመጣውም ቁንዶ በርበሬ ነበሩ። በዛሬው መልኩ ያለው ቀይ ወጥ ግን ቢበዛ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ነው ያለው። ይህን አንድ ጊዜ ለእናቴ ብነግራት በርበሬ እየቀነጠሰች ነበርና ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ እነዚያ ሰዎች ዶሮ በምን ይበሉ ነበር?» አለችኝ። እስከዛሬ የምታዝነው ለእነርሱ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። አምስት መቶ ዓመት ለአንድ ሕዝብ ሰውነት አጭር ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምላሳችን አልተለወጠም፤ የነርቭ በሩም ያው ነው። ታዲያ ሕመሙ ምግብ የሆነልን እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ የአየር ንብረት ነው። በሞቃት አገር ምግብ ቶሎ ይበላሻል፤ ቅመም ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ስለዚህ ሞቃት አገሮች የሚያቃጥል ይበላሉ ይባላል። ሐሳቡ በ1998 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በፖል ሸርማንና ጄኒፈር ቢሊንግ በጥናት መልክ ቀርቧል፤ ከ36 አገሮች ከ4,500 በላይ የምግብ አሠራሮችን ሰብስበው ነበር። ያምራል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ይህ አዳራሽ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ካፖርት ለብሰን፣ ጋቢ ደርበን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ነው ቀይ ወጥ የምንበላው። በ2021 ደግሞ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሊንዴል ብሮምሃምና ባልደረቦቿ ከ70 የምግብ ባህሎች ከ33,000 በላይ አሠራሮችን መረመሩ። ሙቀቱም ሆነ ከምግብ የሚመጣው በሽታ የቅመሙን ብዛት በቂ አድርጎ እንደማያብራራው ደረሱበት። ያስተማርኳቸው ተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ ስለ አንጎል ማስታገሻ ነው። ሕመም ሲሰማን አንጎል ኤንዶርፊን የሚባል የራሱን ማስታገሻ ይለቅቃል፤ ደስታው ከዚያ ነው ይባላል። ከእውነት የራቀ አይደለም ይሆናል። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ጉድለቱን የማሳያችሁ በአሳማ ነው።

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፖል ሮዚን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚበላውንና የሚጸየፈውን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። በሜክሲኮ ደጋ ወደሚገኝ አንድ መንደር ሄደ። በዚያ መንደር ሰው ሁሉ በርበሬ ይበላል፤ ውሾቹና አሳማዎቹ ደግሞ በየቀኑ የሰውን ትራፊ ይበላሉ። ትራፊውም ያቃጥላል። ሮዚን መንደርተኞቹን፣ «በርበሬ የሚወድ እንስሳ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሳቁበት። አላመነምና ሞከረው፤ አንዱ በርበሬ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ሁለት ቁራሽ አቀረበላቸው። ውሾቹም አሳማዎቹም የማያቃጥለውን መረጡ። ከግልገልነታቸው ጀምሮ በርበሬ እየበሉ አድገው እንኳ አልወደዱትም፤ ሲርባቸው ይችሉታል እንጂ። የእኛም ሰፈር ውሻ እንዲሁ ነው፤ የዶሮ ወጥ የነካው እንጀራ ሲወረወርለት መጀመሪያ ያሸታል፣ ሌላ ነገር ካለ ወደዚያ ይዞራል፣ ከሌለ ይበላዋል። ሮዚን አይጦችንም በቤተ ሙከራ በርበሬ ለማስወደድ ብዙ ጥሮ እምብዛም አልተሳካለትም።

አሳማም የነርቭ በሩ አለው፤ ማስታገሻውንም አንጎሉ ያመርታል። ከኤንዶርፊን የምናገኘው ደስታ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ አሳማውም «ጨምሩልኝ» ባለ ነበር። ልምድም ብቻውን አይበቃም። «የለመደች ጦጣ ሁል ጊዜ ሽምጠጣ» እንላለን፤ አሳማው ግን ለምዶም አልሸመጠጠም። የለመደ ሰው ማቃጠሉ አይሰማውም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ካፕሳይሲን ነርቭን ማደንዘዙ እውነት ነው፤ ሐኪሞች የነርቭ ሕመምን ለማስታገስ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ልጥፍ እስከመጠቀም ደርሰዋል። ሮዚን በርበሬ የሚወዱና የማይወዱ ሰዎችን ሲያወዳድር ግን የስሜት ልዩነታቸው ትንሽ ሆኖ አገኘው። ወዳጁም ያቃጥለዋል። የተለወጠው ስሜቱ ሳይሆን ለስሜቱ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ሮዚን ለዚህ ያወጣለትን ስም በአማርኛ «ጉዳት የሌለው ሥቃይ መውደድ» ልበለው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰውነት «አደጋ!» ብሎ ይጮኻል፤ አእምሮ ደግሞ አደጋ እንደሌለ ያውቃል። ከዚያ ልዩነት ደስታ ይወለዳል። ለዚህም የሚጠቅሰው አንድ ማስረጃ አለ፤ ብዙ ሰው በጣም ወደድኩት የሚለው የማቃጠል መጠን ሊችለው ከሚችለው ከመጨረሻው ትንሽ ዝቅ ያለውን ነው። ጠርዙ ላይ መቆም ይወዳል ማለት ነው። መውደቅ አይፈልግም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ምግብ አልነበረም። ትዝታ ነው። ማሲንቆው ገና ሲቃኝ ደረታችን ይሟሟል፤ የሞቱብንን፣ የተለዩንን፣ ያልመለስንላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ያስታውሰናል። እንባችን ይመጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ «ድገመው!» እንላለን። ሮዚንም ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ አሳዛኝ ሙዚቃ አለ፤ አስፈሪ ፊልም፣ መራራ መጠጥም እንዲሁ። መራራነት በተፈጥሮ የመርዝ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሕፃን አፉ ላይ መራራ ነገር ቢያርፍበት ፊቱን አጨማዶ ይተፋዋል። እኛ ግን ያለ ስኳር የቀረበችን አቦል ፉት ብለን «ተባረኪ» እንላለን።

ይህ ሁሉ የሰው ብቻ ከሆነ፣ አደጋ እንደሌለ ማን ነገረን? አሳማው ያላገኘው፣ እኛ ያገኘነው ነገር ምንድን ነው?

ወደየቤታችሁ ማዕድ ተመለሱ። በአገራችን ጡት የጣለ ሕፃን ቀይ ወጥ አይሰጠውም። አልጫ አለው። አልጫ ባይኖር እናት እንጀራውን ወጥ ካልነካው ጫፍ ትቆርስለታለች፤ ወይም ሥጋውን በራሷ አፍ መጥጣ፣ በርበሬውን አጥባ ታጎርሰዋለች። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። ነገር ግን ልጁ ሁልጊዜ የትልልቆቹን ትሪ ያያል። ትሪው ቀይ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ከበው፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ እየሳቁ፣ እየተጎራረሱ ነው። አንድ ቀን እጁን ይሰዳል። ማንም አያስገድደውም፤ እንዲያውም «ያቃጥልሃል፣ ተው» ይሉታል። ይቃጠላል፣ ያለቅሳል፣ ውሃ ይሰጠዋል። አልሞተም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይሞክራል፤ ያን ጊዜ አያቱ «ጎበዝ! ሰው ሆነ!» ትላለች። ሮዚንም በሜክሲኮ ያየው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልጆቹ ሳይገደዱ፣ ትልልቆቹን እያዩ፣ ትንሽ በትንሽ ይገቡበታል። ለአሳማ ግን «ጎበዝ» የሚለው የለም። ሌላው አሳማ አቃጥሎት ሲስቅም አላየም።

እኔ እዚህ ላይ ነው መልሱን የማስቀምጠው። ማቃጠሉን የፈጠረው ተክሉ ነው፤ ምንም እንደማይጎዳን ያሳዩን ግን ማዕዱን የከበቡት ፊቶች ናቸው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጃችን በርበሬ አትበላም ብለው ሲያዝኑ እሰማለሁ፤ አንዲት አያት እንዲያውም «ደሟ ከዳት» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ደም ምንም አላደረገም። ትሪው ዙሪያ በየቀኑ አስር ሰው የለም እንጂ።

የጉብዝናው ነገር ግን ጣጣም አለው። በ2015 ናዲያ ባይርንስና ጆን ሄይስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሚያቃጥል ምግብ መውደድ ከየትኛው ጠባይ ጋር እንደሚሄድ ሲመረምሩ፣ በሴቶቹ ላይ አዲስ ስሜት ከመፈለግ ጋር፣ በወንዶቹ ላይ ይበልጥ ሽልማትና አድናቆት ከመሻት ጋር ሲሄድ አገኙት። እኔ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ማታ በውርርድ ሰባት ቃሪያ በላሁ። ስድስተኛው ላይ ጆሮዬ መስማት ያቆመ መሰለኝ። ሰባተኛውን የበላሁት ሁለት የሌላ ዶርም ልጆች ቆመው ያዩኝ ስለነበር ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት ለዚህ ጉባኤ አልናገርም።

ቅድም ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስታወራ ጨጓራን እንዳትረሳ» ብለውኛል። አልረሳሁም። በርበሬ ጨጓራን ይልጣል፣ ቁስለት ያመጣል ብለን ነው ያደግነው። አብዛኛውን የጨጓራና የትንሹን አንጀት ቁስለት የሚያመጡት ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያና እንደ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው የቁስለት ምክንያት ነው ብሎ የሚያምነው ሲያጣ፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። እርሱና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ታዲያ በርበሬ ስንበላ ለምን ያቃጥለናል? ያው በር ጨጓራና አንጀት ውስጥም ስላለ ነው። የቆሰለ ጨጓራ ያለው ሰው በርበሬ ቢያሳምመው እውነቱን ነው፤ ሕመሙ ይብስበታል። ቁስሉን ያመጣው በርበሬው ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አባቴ፣ ሕመሙ ካልተወዎት በርበሬውን ብቻ ትተው አይቀመጡ፤ ይመርመሩ።

የጓደኛዬን ልጅ ነገር ሳልጨርስ ነበር የተውኩት። አባቱ መልስ ሲያጣ፣ «ስታድግ ይገባሃል» አለው፤ አባቶች ሁሉ የሚሉትን። ልጁ አልተከራከረም። ትንሽ ቆይቶ የትንሿን ጣቱን ጫፍ ሚጥሚጣው ላይ ነካ አድርጎ ወደ ምላሱ ወሰደ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኖቹ ሞሉ፤ አፉን ከፍቶ በሁለት እጁ ያራግብ ጀመር። አባቱ እየሳቀ በማንኪያ አይብ አጎረሰው፤ አስተናጋጇም ከሩቅ ሳቀች። ልጁ አንድ በአንድ ፊታችንን አየ። ከዚያ እኔና አባቱ ወደ ሌላ ወሬ ገባን፤ ስለ ቤት ኪራይ ይመስለኛል። በዓይኔ ጥግ ሳየው፣ ጣቱን በልብሱ ጠርጎ፣ ማንም እንደማያየው አረጋግጦ፣ ወደ ትንሿ ሳህን ቀስ እያደረገ መለሳት።